ከሐዋሳ እስከ ሁላ ደጋ፦ ከአምቡላንሱ በፊት ባለው መንገድ ላይ

መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአዳማ ወደ ሐዋሳ

ከአዳማ የተነሣነው የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ አንዲት አዋላጅ ነርስና አንድ ጠቅላላ ሐኪም ነበርን። የዓመት ፈቃዳችንን አቀናጅተን፣ ወጪውን ከየኪሳችን አዋጥተን፣ ከሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶችም ደብዳቤ ይዘን የወጣነው በሲዳማ ክልል ከአስፋልት ርቆ የሚኖር ሰው ድንገት ሲታመም ወይም አደጋ ሲደርስበት ማን ቀድሞ እንደሚደርስለት በቦታው ተገኝተን ለማየት፣ ቀድሞ ለሚደርሰው ሰውም የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ለመስጠት ነው። ላንድ ክሩዘሩን በቀን 7,000 ብር ተከራየን፤ ነዳጁ በእኛ ነበር። ከኋላ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ መለማመጃ አሻንጉሊቶች፣ ካርቶን ሙሉ ፋሻና ጓንት፣ የደም ግፊት መለኪያዎች፣ የራስ ባትሪዎችና የእያንዳንዳችን ብርድ ልብስ ተጭኗል።

ከሞጆ እስከ ባቱ በፍጥነት መንገዱ ሳንደክም ሄድን። ከባቱ ወዲያ ግን የድሮው መንገድ ከነጋሪው፣ ከነከብቱና ከነባጃጁ ይቀጥላል፤ ከባድ መኪናውም የሚያልፈው በዚያው ነው። አዳማ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በሥራ ቦታችን የምንቀበለው ቁስለኛ ብዙውን ጊዜ የመንገድ አደጋ ተጎጂ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም መንገድ የምናየው በዚያ ዓይን ነው። የትኛው መታጠፊያ ላይ ግጭት ሊደርስ እንደሚችል፣ ከዚያ እስከ ቅርቡ ሆስፒታል ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እየተጠያየቅን ሻሸመኔን አለፍን። ባቱ ላይ የጾም በያይነቱ በ180 ብር በልተናል፤ ከአዳማው በ20 ብር ይረክስ ነበር፣ ሽሮውም ይበልጥ ነበር። ሐዋሳ ያረፍንበት ቤት አንዱ ክፍል 1,100 ብር ሲሆን፣ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነበር።

መጋቢት 23፣ ሐዋሳ

ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ገብተው መረባቸውን ያራግፋሉ፣ ሕፃናት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየፋቁ ይቆርጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከሰው መካከል ያለ ፍርሃት ይንጎራደዳሉ። የተጠበሰ ዓሣ አንዱ ሳህን 250 ብር ነበር። ከመካከላችን የማትጾመው አዋላጃችን ብቻ ስለነበረች ጣዕሙን የሰማነው ከእርሷ ነው፤ የቀረነው ሻይና አምባሻ ያዝን።

ወደዚያ የሄድነው ግን በሐይቁ ዳር ውኃ የበላውን ሰው ቀድመው የሚያወጡት እነዚሁ አጥማጆች በመሆናቸው ነው። እስካሁን ምን ያደርጉ እንደነበር ስንጠይቃቸው፣ ሰውየውን በሆዱ አስተኝተው ወይም ቁልቁል ይዘው ውኃውን ለማስወጣት እንደሚታገሉ ነገሩን። በዚህ ትግል የሚባክነው ጊዜ አንጎል ኦክስጅን የሚያጣበት ጊዜ ነው። ውኃ ውስጥ የሰጠመ ሰው የጎደለው አየር ስለሆነ፣ በጀርባው ማስተኛት፣ አገጩን ቀና አድርጎ የአየር ቧንቧውን መክፈትና ከትንፋሽ መጀመር፣ ከዚያም ደረቱን 30 ጊዜ እየተጫኑ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት እንደሚገባ በአሻንጉሊቶቹ አሳየን። ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት መጫን አለበት። ይህ ጉልበት ይጠይቃል፤ መረብ ሲጎትቱ ለሚውሉ ክንዶች ግን ከብዷቸው አላየንም፤ እንዲያውም ከሰለጠኑ ባለሙያዎች የተሻለ ምት የጠበቁ ወጣቶች አይተናል።

ከሰዓት በኋላ ተራው የባጃጅ ሾፌሮች ሆነ። በሐዋሳ ሰፊና ሜዳማ ጎዳናዎች ላይ ባጃጅ የማይደርስበት ሰፈር የለም፤ ሌሊት ሰው ሲታመም በቅድሚያ የሚጠራውም እርሱ ነው። የደም መፍሰስን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንን፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛትን፣ አከርካሪው ሊጎዳ የሚችልን ሰው በብብቱ ይዞ አለመጎተትን፣ ለተጎዳ ሰው ውኃ አለማጠጣትን አሠለጠንናቸው። ያላሰብነው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ «እሺ፣ እንጭናለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ገጨው ተብለን እኛው እንያዛለን፣ ባጃጃችን ቆሞ ይውላል፤ የዕለት ገቢያችንን ማን ይከፍለናል?» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ የደረሰባቸውን ነገሩን። እኛ ለዚህ መልስ አልነበረንም። ሥልጠና እጅን ያስተካክላል፤ ርዳታ የሰጠን ሰው ከእንግልት የሚጠብቅ ግልጽ አሠራር ከሌለ ግን ያ የሰለጠነ እጅ አይዘረጋም። ይህን ጉዳይ በደብዳቤ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል ሰጥተናል።

በአዲስ አበባ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራት የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት ወቅት ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው በጦር ሜዳ ቁስለኞችን ማንሣት ነበር። ከከተማ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሲዘለቅ ግን አምቡላንስ የሚጠራው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ጣቢያው በኩል ነው፤ ቀሪው ጉዟችን የሚያተኩረውም በዚያ ላይ ነበር።

መጋቢት 24፣ ይርጋለም

ከሐዋሳ በዲላ መንገድ ወርደን፣ አፖስቶ ላይ ወደ ግራ ታጥፈን ይርጋለም ገባን፤ ከሐዋሳ ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ለረጅም ዓመታት ያገለገሉበት የከተማዋ ሆስፒታል ዛሬም ከቡና ማሳው ሁሉ በሽተኛ የሚመጣበት ነው። በጀበና ቡና 15 ብር፣ አንድ ኪሎ አቮካዶ 30 ብር ከፍለናል፤ አዳማ ላይ አቮካዶው በዚህ ዋጋ አይታሰብም ነበር።

እዚህ የቆየነው የጤና ተቋማቱን ሰንሰለት የሚያስረዳን ሰው ለማግኘት ነበር። በአገራችን አደረጃጀት መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ 25,000 ሰው፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። ያነጋገርናቸው አንጋፋ ነርስ ይህን በወረቀት ላይ እየሣሉ ካስረዱን በኋላ፣ ኬላውንና ጤና ጣቢያውን የሚያገናኘውን መስመር በጣታቸው እየነኩ፣ «ሰው የሚሞተው እዚህ ነው፤ በተቋማቱ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው» አሉን።

መጋቢት 25፣ ወደ ሁላ

ከአለታ ወንዶ ወደ ላይ መንገዱ እየወጣ ሲሄድ ቡናው ለእንሰት፣ እንሰቱም ለገብስና ለቀርከሃ ቦታ ይለቃል። የሁላ ወረዳ ከተማ ሀገረ ሰላም ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዳማና ሐዋሳ በከፍታቸው ስለሚቀራረቡ እስከዚያ ድረስ አየሩ እንግዳ አልሆነብንም ነበር፤ እዚህ ግን በቀትር ጉም ወርዶ መብራት አብርተን ነዳን።

ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከከተማዋ ወጥተን ወደምንሄድበት ቀበሌ ስንታጠፍ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሾፌራችን ባለው ዘዴ ሁሉ ቢታገልም የኋላ ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ ይበልጥ ገቡ። ሳንጣራ ከየእንሰቱ መሐል ሰው ወጣ። ወጣቶቹ ቀርከሃ ቆርጠው፣ ለሁለት እየሰነጠቁ ከጎማው ሥር ደረደሩ፣ አዛውንቶቹ ደግሞ በየት በኩል መገፋት እንዳለበት ይመሩ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በዚያ መካከል ሐኪም አብሮን መኖሩን ያወቀች አንዲት እናት ጆሮው መግል የሚወጣውን ልጇን አመጣች፤ ከእርሷም በኋላ ሌሎች ቀረቡና የመኪናው ኮፈን እንደ ጠረጴዛ ሆኖ ሕክምና ተጀመረ። ከታዩት ሴቶች መካከል እንቅርት ያለባቸው ነበሩ፤ በደጋ አካባቢ አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው ይህ ችግር የቆየ ነው፣ አዮዲን የተጨመረበት ጨው መጠቀም የሚገባውም ለዚሁ ነው። መኪናው ሲወጣ ያዘጋጀነውን 500 ብር ወጣቶቹ አልቀበልም አሉ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንመለስ በዚያው መንገድ እንድናልፍና ልጁን ደግመን እንድናየው። አድርገነዋል፤ ጆሮው እየደረቀ ነበር።

ያሳደሩን ባልና ሚስት ቤታቸው በቀርከሃ የተሠራ፣ ጣራውም ግድግዳውም እንደ እንቅብ ተያይዞ የተጎነጎነ ነው። በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ» (እንኳን ደህና መጣችሁ) ብለው ተቀበሉን። እመቤቲቱ ቡርሳሜ የሚባለውን በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ አቅርበው ሳለ መጾማችንን በአስተርጓሚ ሲሰሙ አንድም ቃል ሳይናገሩ አነሡት፤ ጥቂት ቆይተው አዲስ የተጋገረ ዋሳ (የእንሰት ቂጣ) ቅቤ ካልነካው ጎመን ጋር ይዘው ተመለሱ። እርሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የእንግዳቸውን ጾም ግን ጠበቁልን።

መጋቢት 26፣ ጤና ኬላው

ኬላው ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ በጣራው ላይ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አለው፤ ውኃ ግን የለውም። ውኃው ከምንጭ በ20 ሊትር ጀሪካን ይቀዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ በተቻለ መጠን የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆኑ ሁለት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በደመወዝ መመደብ ነበር ሐሳቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። እኛ ያገኘናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባልደረባዋ በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ቀበሌውን ብቻዋን ይዛለች። ጠዋት ኬላው ውስጥ ትውላለች፣ ከቀትር በኋላ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ የቤተሰብ ማህደሮቹን ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ በጎጥ በጎጥ ከፋፍላ አስቀምጣቸዋለች፣ በታብሌትም ትመዘግባለች።

ስትሠራ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍ፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ ከሩቅ ሲታይ «ማስተማር» ብቻ ይመስላል። የስምንት ወር ሕፃን የያዘች እናት ገባች፤ ሕፃኑ ያስለዋል። ኤክስቴንሽኗ ወዲያው አልነካችውም። እናቲቱ ጡት አጥብታ እስክታረጋጋው ጠበቀች፣ ከዚያ ልብሱን ቀስ ብላ ገልጣ ሆዱ ሲነሣና ሲወርድ እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይፈቀድም። 54 ሆነ። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ፣ ማለትም የሳንባ ምች ምልክት ነው፤ ዓመት ከሞላው በኋላ ወሰኑ 40 ይሆናል። ይጠባል ወይ፣ የጠጣውን ሁሉ ያስመልሳል ወይ፣ አንቀጥቅጦታል ወይ፣ ፈዝዟል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ትለው ነበር። የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማወቅ የክንዱን ዙሪያ በባለ ቀለሙ መለኪያ ለካች፤ አረንጓዴው ላይ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። አሞክሲሲሊን ከተባለው ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት የመጀመሪያውን እዚያው በማንኪያ አሟሙታ አጠጣችው፣ ቀሪውን እናቲቱ ራሷ ደግማ እንድታሳያት አደረገች፣ ከነገ ወዲያ እንድትመልሰውም ቀጠረቻት። የሳንባ ምችን በኬላ ደረጃ ማከም በሰፊው የተጀመረው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ይህች እናት ሕፃኗን አዝላ ጤና ጣቢያ ድረስ ሦስት ሰዓት መሄድ ነበረባት።

እኔ ለዓመታት በድንገተኛ ክፍል ስሠራ ድንገተኛ ሕክምና የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ነው ብዬ የምሠራ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ያቺ አንድ ደቂቃ ቆጠራ ራሷ ድንገተኛ ሕክምና መሆኗን አየሁ፤ ያ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወደ እኛ ዓይነቱ ክፍል እንዳይመጣ ያደረገችው እርሷ ናትና።

መጋቢት 26 ለ27 አጥቢያ፣ ቃሬዛው

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የኤክስቴንሽኗ ስልክ ጮኸ። ከላይኛው ጎጥ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጥ ከጀመራት 16 ሰዓት አልፏታል። አዋላጃችንና እኔ ተከትለናት ወጣን። ለጤና ጣቢያው አስቀድማ ደወለች፤ አምቡላንሱ መኪና የሚገባበት ጫፍ ድረስ መጥቶ እንዲጠብቅ ተስማሙ።

ቤቱ ስንደርስ አማቲቱ እስኪነጋ እንድትቆይ ይፈልጋሉ፤ ብርድ ነው፣ ጨለማ ነው፣ እርሳቸውም የወለዱት እዚሁ ቤት ነው። ኤክስቴንሽኗ አልተከራከረቻቸውም። ከአጠገባቸው ተቀምጣ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ አብረው የተነጋገሩትን እያስታወሰች፣ ሆስፒታል ድረስ አብረዋት እንደሚሄዱና ገንፎውንም እዚያው እንደሚያገነፉላት እየነገረች አግባባቻቸው። 55 ደቂቃ ወሰደ። እኛ የነጭ ጋዋን ለባሾቹ በዚያ ሰዓት ብንናገር ኖሮ ነገሩ የሚከብድ ይመስለኛል፤ አማቲቱ የሰሙት የሚያውቋትን ሰው ነው።

ከዚያ ቃሬዛው መጣ። ከሁለት ረጃጅም የቀርከሃ ዘንጎች የተሠራ ሲሆን፣ መካከሉ ከእንሰት ቃጫ በተገመደ ገመድ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሸምኗል። የጎጡ ማኅበር የጋራ ንብረት ነው፤ ሲጠራ ያልመጣ አባል 50 ብር ይቀጣል። ሰዎቹ እስኪሰባሰቡ 25 ደቂቃ ሆነ። አዋላጃችን ሴቲቱን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ በጀርባ መተኛት ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ስለሚያደርግ ነው። በጋቢ ጠቀለሏትና አሰሯት። አራት ሰው ተሸከመ፣ ተለዋጮቹ በግራና በቀኝ እየተራመዱ ተከተሉ። ድካም የተሰማው ሲጮኽ ተለዋጩ ከኋላው ገብቶ ትከሻውን ከዘንጉ ሥር ያስገባል፣ የመጀመሪያው ደግሞ በጎን ይወጣል፤ ቃሬዛው አይቆምም፣ መሬትም አይነካም። ዳገት ላይ ጭንቅላቷ ወደ ፊት ሆነ፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ዞሩና እግሯን ወደ ፊት አደረጉት፣ ሁልጊዜ ጭንቅላቷ ከላይ እንዲሆን። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ያመጣነው የራስ ባትሪ ግን ጠቅሟቸዋል፣ ከዚያ በፊት በስልክ መብራት ይሄዱ ነበርና አንድ እጃቸው ይያዝ ነበር።

መኪናው ዘንድ ለመድረስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። በአምቡላንሱ ውስጥ የቆየችው 40 ደቂቃ ነው። ሆስፒታል እንደደረሰች ሕፃኑ በቫኪዩም መሣሪያ ተስቦ ወጣ፤ ወንድ ነው፣ አለቀሰ፣ እናቱም ደም አልበዛባትም። አማቲቱ ገንፎውን አገነፉ።

የሕክምናው ትምህርት ይህን ሁሉ ሦስቱ መዘግየቶች ይለዋል፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412 ሆኗል። ቁጥሩ የቀነሰው እንደዚህ ባሉ ሌሊቶች ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ አምቡላንሱ የሸፈነው 40 ደቂቃውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሸፈኑት አንዲት ደመወዝተኛና በነጻ የተሸከሙ ጎረቤቶች ናቸው። በጀትና ሪፖርት የሚወጣው ግን ለ40 ደቂቃዋ ነው። አዳማ ላይ ባጃጅ በአሥር ደቂቃ ስለሚያደርስ ቃሬዛ አያስፈልገንም፤ «እስኪነጋ እንይ» የሚለው ውሳኔ ግን እኛም ቤት አለ፣ እርሱን የሚያግባባ ጎረቤት ያላት ወላድ ግን በከተማ ጥቂት ናት።

መጋቢት 28፣ ሎካ አባያ

ከደጋው ወርደን ከዲላው መንገድ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ብርድ ልብሱ ሁሉ ተጣጠፈ። ወደ አባያ ሐይቅ የሚያዘነብለው ይህ ቆላ ከፍታው እስከ 1,200 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ግማሽ ሊትር ውኃ 25 ብር ነበር፤ ማንጎው ግን በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ይሸጥ ነበር፣ ምሳችንም እርሱና ንፍሮ ነበር።

እዚህ ያለው ድንገተኛ ወባ ነው። በፈረንጆቹ 2019 በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2024 እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአንድ ኬላ ግቢ ከዛፍ ሥር ሰልፍ ነበር። ከጣት የምትወሰደው ጠብታ ደም ውጤቷን ለማሳየት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትፈልጋለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኤክስቴንሽኗ ተራ የሚጠብቁትን ልጆች ትኩሳት በእጇ እየዳሰሰች የከፋውን ወደ ፊት ታስቀድማለች። እኛ በትላልቅ ሆስፒታል በቀለም ካርድ የምንሠራውን ትሪያጅ (ሕሙማንን በሕመማቸው ክብደት መለየት) እርሷ የምትሠራው በመዳፏ ነው።

ከዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሞተር ሳይክል ነው፤ አሽከርካሪው፣ እናትየዋና በመካከል የተቀመጠ ሕፃን ሆነው። 300 ብር ይከፈል ነበር። በገበያ ቀን አጎበር ለከብት መኖ መሸፈኛ ተደርጎ አይተናል፤ ከመካከላችን አንዳንዶች ተቆጡ። እኔ ግን ባለቤቱን ከመውቀስ አስቀድሞ ቤቱ ስንት አልጋ እንዳለውና ልጆቹ የት እንደሚተኙ መጠየቅ ይገባል እላለሁ። የጠየቅነው ቤት ልጆቹ ሁሉ መሬት ላይ በቁርበት ይተኙ ነበር፤ አጎበሩ የሚሰቀልበት አልነበረም። ኤክስቴንሽኗ ከእኛ ጋር ቆይታ ከጣራው ማገር ላይ በገመድ እንዴት እንደሚንጠለጠል አሳየቻቸው።

መጋቢት 30፣ እንደገና ሐዋሳ

በመጨረሻው ቀን ከአንድ የአምቡላንስ ሾፌር ጋር ቡና ጠጣን። ቀደም ሲል በሌላ ወረዳ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ጥሪ መጥቶ ነዳጅ ያልነበረበት፣ ነዳጁ ሲገኝ ደግሞ የሚፈርም ሰው ያልተገኘበት ሌሊት እንደነበር ነገረን። ጎማ፣ ነዳጅ፣ የሾፌሮች ፈረቃና አበል በበጀት ካልተያዙ መኪናው መኖሩ ብቻውን አያደርስም አለን። ታኅሣሥ 20 ቀን በቦና ዙሪያ ወረዳ በገላና ድልድይ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 ሰው በላይ ስላለቀበት ቀንም ተነጋገርን። እንዲህ ባለ ስፍራ አደጋ ሲደርስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣው ጎረቤት ነው፤ በአሞራ ገደል ለአጥማጆቹ ያሳየነው ነገር በየወንዙ ዳር ላሉ ቀበሌዎችም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አዳማ ከተመለስን በኋላ ባዋጣነው ገንዘብ ለሁላው ማኅበር የራስ ባትሪ አንዱን በ450 ብር፣ ለቃሬዛው የዝናብ መከለያ ሸራ በ600 ብር፣ ለኬላውም ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ በ3,500 ብር ገዝተን በሐዋሳ መኪና ላክን፤ ረዳቱ ለማድረሻ 200 ብር ተቀብሏል፣ ዕቃውም በፋሲካ ሳምንት ደርሷል። ሁለተኛውን ዙር ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በጥቅምት እናደርጋለን። ያን ጊዜ የምንጀምረው ከወንዝ ዳር ቀበሌዎች ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹን ጥያቄ በተመለከተ ለጻፍነው ደብዳቤ መልስ ከመጣም ሐዋሳ ላይ ቆመን በቀጥታ እንነግራቸዋለን።